የቦዔዝ ቅርንጫፍ

የቦዔዝ እህት ጸሐይነሽ ከድባጤ ስትደውል ቀነኒ አሶሳ ቢሮዋ ተቀምጣ ሻይዋ እስኪበርድላት ትጠብቅ ነበር። የድባጤ ስልክ ተቋርጦ ሰንብቶ መሥራት የጀመረው በዚያው ጠዋት ነው።

«ወንድሜ ዐረፈ። ወባ ነው ያሉት። ከቀበርነው ቆየን» አለቻት።

ቀነኒ «እህ» ብላ ሻይዋን ገፋ አደረገችው።

ቦዔዝ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነበር። ለጤና ኬላዎች መድኃኒት የሚደለድለውን ፕሮግራም የሚሠሩት ሁለቱ ናቸው፤ እሷ አሶሳ ሆና፣ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ከትውልድ አገሩ ከድባጤ። ማን ምን እንደለወጠ በተራ የሚይዝላቸው ጊት የሚባለው ሶፍትዌር ነው። ሁለት ሰው ለየብቻው ሲሠራ የሥራው ታሪክ እንደ መንገድ ቅርንጫፍ ያወጣል። መልሶ ለማገናኘት ሁለት መላ አለ። መርጅ ሁለቱንም መንገዶች እንዳሉ ትቶ መጋጠሚያ ያበጅላቸዋል። ሪቤዝ ግን የአንዱን ለውጦች አንድ በአንድ ነቅሎ ከሌላው ሥራ ጫፍ ላይ እንደ አዲስ ይተክላቸዋል፤ ታሪኩም ቀጥ ያለ አንድ መስመር ይሆናል።

ቀነኒ ሪቤዝ ትወዳለች።

«አንቺ የባምባሲ ልጅ፣ ሥራዬን እንደ ተማሪ ታሰልፊዋለሽ» ይላት ነበር ቦዔዝ።

«ያንተ ታሪክ እኮ ያደረ ሹሩባ ነው። ማን ይፍታው?»

«ሳይፈታ ይደር። ስሠራው ያንቺን ሥራ አላየሁም፤ ያየሁ አታስመስይኝ።»

ስልኩ ከመቋረጡ በፊት የመጨረሻ ሥራውን ልኮላት ነበር። «ስመጣ አብረን እናገናኘዋለን» ብሎ ስለነበር አልነካችውም።

ከለቅሶው በኋላ የቢሮው ኃላፊ አቶ ረጋሳ ጠረጴዛዋ አጠገብ መጡ። «ቀነኒዬ፣ አይዞሽ። ግን ክረምቱ ሳይገባ ድልድሉ መውጣት አለበት።»

እንደ ልማዷ ሪቤዝ ጀመረች። ማሽኑ ገና ከቦዔዝ የመጀመሪያ ለውጥ ላይ ቆሞ ከሁለቱ የማንን ልያዝ ብሎ ጠየቃት። ወንዝ ማዶ ያሉትን ሦስት ጤና ኬላዎች እሷ መድኃኒታቸው ከድባጤ እንዲሄድ አድርጋለች፤ እሱ ደግሞ ከማንቡክ፣ ከሩቁ። ለምን እንደሆነ አልጻፈም። የሚያውቀው መንገድ ይኖር ይሆናል፤ ለሙከራ ጽፎት ሳያጠፋው ረስቶትም ይሆናል። ለአንዱ ስትመልስ ቀጣዩ ለውጥ መልሶ ያንኑ ጠየቃት። መልሱ የእሷ ነው፤ የሚመዘገበው ግን በእሱ ስም፣ ያላየውን ሥራ አይቶ እንደወሰነ ሆኖ። አቋረጠችው።

መርጅ ሞከረች። መርጅ የሚጠይቀው አንዴ ብቻ ነው። ጥያቄው ግን ያው ነው።

ጸሐይነሽ ጋ ደወለች። «ጸሐይዬ፣ ቦዔዝ ስለ ማንቡክ መንገድ ያወራሽ ነገር አለ?»

«እኔ ምን አውቄ። ኮምፒዩተሩ ላይ ተጎንብሶ ነው የማየው። አንዳንዴ ብቻውን ይስቃል። ያስቃል እንዴ ሥራችሁ?»

«አንዳንዴ» አለች ቀነኒ።

ማንቡክ ያሉትን የጤና ሠራተኞች ለማግኘት ደጋግማ ደወለች፤ ስልኩ አይገባም። መርጁንም ሰረዘችው።

አሁን ዝናቡ ጀምሯል። የቦዔዝ ቅርንጫፍ ከዋናው ሥራ ጋር አልተገናኘም። የሦስቱ ጤና ኬላዎች መድኃኒት ከየት እንደሚሄድም አልተወሰነም።