የወንድሜ ካልሲ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ የሐበሻ ሱቆች ባሉበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ በርበሬ ልገዛ ወረፋ ይዤ ሳለሁ፣ የቀስተ ደመና ቀለም ያለው ቲሸርት የለበሱ ወጣቶች እየተሳሳቁ በመስኮቱ በኩል አለፉ። ባለሱቋ እትዬ አልማዝ ሚዛናቸውን ትተው አዩዋቸውና፣ «በስመ አብ! እናት የላቸውም እነዚህ?» አሉ። ወረፋው ሳቀ። የእኔ ልብ ግን ወደ ወንድሜ ወደ ናሆም ሄደ።

ከዓመታት በፊት ነው፤ እሱ አሥራ ስድስት፣ እኔ አሥራ ሰባት ዓመታችን ነበር። የሰኔ መግቢያ ነው፤ ሎስ አንጀለስ በዚያ ሰሞን እስከ ቀትር ድረስ ዳመና ተከናንባ ትውላለች። አንድ ዓርብ የትምህርት ቤታችን ልጆች የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ለሆኑ ጓደኞቻቸው ድጋፍ ለማሳየት በቀስተ ደመና ቀለም አጊጠው ዋሉ። ናሆምም እንደነሱ ለብሶ ነበር። ከትምህርት ቤት ከመውጣታችን በፊት ቲሸርቱን ቀይሮ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። አባታችን ይህ ነገር በቴሌቪዥን ሲነሳ፣ «የእኔ ልጅ ቢሆን ደጄን አይረግጣትም» ይል ነበርና።

ታክሲ ነጂው አባታችን የዚያን ቀን ቤት ሳያደርሰን፣ የምስር ሳምቡሳ በከረጢት አስይዞን በቀጥታ ለማታው ጉባኤ ቤተ ክርስቲያን ወሰደን። በሩ ላይ ጫማ ይወልቃል። ከሕፃንነታችን ጀምሮ የምናውቀውን ነገር ሁለታችንም ረስተነው ነበር። ናሆም ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ሲፈታ ካልሲው ብቅ አለ፤ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ።

«አውልቀው፣ ቶሎ በል! አባዬ ፓርክ አድርጎ እየመጣ ነው» አልኩት በሹክሹክታ።

እጁን ወደ ካልሲው ሰደደ፤ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ጠዋት ሳደርገው ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሰላምዬ። በየበሩ ማውለቅ ሰለቸኝ።»

አባቴ ደረሰ፤ አየ። ናሆም ካልሲውን እንዳደረገ ገባ።

እኔ ከሴቶቹ በኩል ቆሜ እመለከታለሁ። ከወንዶቹ ኋላ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን ወደ ናሆም እግር መጣል ሲጀምሩ፣ አባቴ ሄዶ ከልጁ ጀርባ ተጠግቶ ቆመ። ነጠላውን ዝቅ አድርጎ ለቀቀው። ጫፉ የናሆምን እግር ሸፈነ። ጉባኤው እስኪያልቅ አልተነቃነቀም። ልጁን ነው የሸፈነው ወይስ ኀፍረቱን? ያኔም አልገባኝም።

ስንመለስ መብራት ያዘን።

«ለጓደኛህ ብለህ ነው ያደረግኸው?» አለ አባቴ፣ መሪውን እንደጨበጠ።

«ለጓደኛዬ ነው ብልህ ደስ ይልሃል?»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላችን ጥሩምባ ተነፋ። አባቴ አልተነሳም።

«ዛሬ አትንገረኝ» አለ በመጨረሻ።

«ኦኬ» አለ ናሆም።

ያ «ዛሬ» እስካሁን አላለቀም። ናሆምን ከቤት ያባረረው የለም፤ ትምህርቱን ሲጨርስ በራሱ ወጥቶ እዚያው አቅራቢያ ያለች ጋርዴና ከተማ ገባ። አባቴ አንዳንድ ቅዳሜ ይሄድና መኪናውን ይፈትሽለታል። ስለ ጎማና ስለ ዘይት ብዙ ያወራሉ። እሁድ እሁድ ካህኑ ለጸሎት የክርስትና ስም ሲጠይቁ፣ አባቴ ከሁላችንም አስቀድሞ የናሆምን ይናገራል። እንዲለወጥለት ይሁን እንዲጠበቅለት፣ የሚለምነውን አላውቅም። ልጠይቀው አስብና መልሱን እፈራለሁ። ስለዚህ ምእመኑ በአንድ ድምፅ አሜን ሲል፣ የእኔ አሜን ሁልጊዜ ወደኋላ ይቀራል።