እናቴ፣ ሙሽራዋና እምቢ ያለው ቁልፍ

ዲላ ውስጥ መኪና የምትነዳ ሴት ብርቅ በነበረችበት ጊዜ እናቴ ነጭ ኮሮላ ትነዳ ነበር። መኪናዋ የአባቴ ነበረች። እሱ ሲያርፍ ከጨርቅ ሱቃችን ጀርባ ሸራ ለብሳ ከረመች። ዘመድ ሁሉ "ሽጫት" አላት። እናቴ ግን ሱቁን ለእኔ እየተወች አዋሳ መመላለስ ጀመረች። ዕቃ ልታመጣ የምትሄድ መስሎን ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሸራውን ገፍፋ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ፣ መኪናዋን አስነስታ በገበያው መሃል ስታልፍ ነው መንጃ ፈቃድ ማውጣቷን ሰፈሩ ያወቀው። ሃምሳ ዓመት አልፏት ነበር።

በዚያው ሰሞን ጓደኛዬ ልታገባ ሆነ። ከይርጋጨፌ ወጣ ያለችው የዱመርሶ ገጠር ልጅ ናት፤ ሁለተኛ ደረጃ ዲላ ስትማር እኛ ቤት ነበር የኖረችው፣ አንድ አልጋ ላይ እየተኛን። አባቷ ቡና ገበሬ ነው። ከሠርጉ በፊት ሱቃችን ድረስ መጥቶ ኮፍያውን አወለቀና፣

"እህቴ፣ ልጁን እኔ ወለድኩት እንጂ ያሳደገችው አንቺ ነሽ። ቤተ ክርስቲያን የምትወስደውም አንቺ ሁን" አላት። አማርኛው እንዲህ ነበር፤ ወንዴና ሴቴውን ቢያደባልቅም ልብ ውስጥ ይገባል።

እናቴ የማርያም ማኅበርተኛ ናት፣ እነሱ ፕሮቴስታንት ናቸው። ይህ ጉዳይ በሁለቱም በኩል ተነስቶ አያውቅም። "በደስታ" አለችው።

ከዚያ በኋላ ለመኪናዋ የማታደርግላት ነገር አልነበረም። ዘይት አስቀየረች፣ ጎማ አስነፋች። "መንገድ ላይ ቁልፍ ቢጠፋብኝስ?" ብላም ከተማ ውስጥ ትርፍ ቁልፍ አስቀረጸች። ቀራጩ በአዲሱ ቁልፍ በሩን ከፍቶ ዘግቶ አሳያት። እሷም አመስግና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የሠርጉ ዕለት ዱመርሶ የደረስነው ረፋዱ ላይ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር መኪናዋ እስከ መስኮቷ ቀይ ጭቃ ተለቅልቃለች። እናቴ ለሙሽራዋ እናት ያመጣችውን ልብስ ልታወጣ የኋላውን የዕቃ መጫኛ ለመክፈት ሞከረች። ቁልፉ ጭቃ በገባበት ቀዳዳ አልዞር አለ። ጠንከር አድርጋ ስታዞረው ቀጭ! ብረቱ እዚያው ተሰክቶ ቀረ፤ ጥቁሩ የፕላስቲክ ራስ እጇ ላይ ተረፈ።

"ምንም አይደል፣ ትርፍ አለን" አለችኝ ቦርሳዋን መታ መታ አድርጋ። የተሰበረውንም እዚያው ውስጥ ጣል አደረገችው።

ሙሽራዋ በመዝሙር ታጅባ በእንሰቱ መሃል ባለው መንገድ ወጣች። እኔ ሚዜዋ ስለሆንኩ ቬሎዋን ሰብስቤ ከኋላ አብሬያት ገባሁ። እናቴ በትርፉ ቁልፍ ሞተሩን አስነሳች። ተነሳና ወዲያው ጠፋ። ደገመችው፤ አሁንም ተነስቶ ጠፋ። መዘምራኑ ስንኙን አንድ ጊዜ ጨምረው ደገሙት፣ ከዚያ እነሱም ዝም አሉ።

ወንዶቹ መኪናዋን ከበቡ። አንዱ ባትሪ ነው አለ፣ አንዱ ቤንዚን ጨርሳ ነው አለ። ከሙሽራው ወገን የመጣ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ደግሞ ድምፁን ሳይቀንስ፣

"ሙሽራ በሴት ሹፌር ሲባል እኮ ተናግሬ ነበር" አለ።

ፊቴ ጋለ። እናቴ ዞራ እንኳ አላየችውም። "እንግፋው!" ሲሉ ፈቀደችላቸው፤ ቁልቁለቱን እስከ ታች ገፏት፣ ጫማና ሱሪያቸው በጭቃ ተለወሰ። ሞተሩ ግን እንደዚያው ተነስቶ ጠፋ።

"ሙሽራዋ አጃቢዎቹ ወደመጡበት ሚኒባስ ትዛወር" አለ ሱፍ የለበሰው። ጓደኛዬ እጄን ጨበጠችኝና በሹክሹክታ፣ "እኔ ከእማ መኪና አልወርድም" አለችኝ።

እናቴ ከመኪናው ወረደች። "ወንድሞቼ፣ ስለለፋችሁ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ትንሽ ፀጥታ ስጡኝ" አለች።

ተመልሳ ገብታ የፊት መብራቱን አበራች፤ ቦግ አለ። "ባትሪው ደህና ነው" አለች ለራሷ እንደምታወራ። ቤንዚኑን ቆጣሪው ላይ አየች፤ ከግማሽ በላይ ነው። ከዚያ ቁልፉን ሳታዞር ከመሪው ኋላ ያለውን ሰሌዳ ትክ ብላ ማየት ጀመረች። እዚያ ላይ አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች።

"ልጄ፣ ይህቺ መብራት ሌላ ጊዜ ቁልፉ ሲገባ ትጠፋ አልነበር?" አለችኝ።

"ልብ ብዬ አላውቅም፣ እማ።"

"እኔ አውቃለሁ፤ ትጠፋለች። ዛሬ አልጠፋችም። በሩ ይህን ቁልፍ ያውቀዋል፣ ማስነሻውም ላይ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አላወቀውም።"

ቦርሳዋን ከፈተች። የተሰበረውን ራስና ትርፉን ቁልፍ መዳፏ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች። ሱቅ ውስጥ ሁለት የሚመሳሰሉ ጨርቆች ሲመጡላት እንዲሁ ነበር የምታደርገው፤ ብርሃን ላይ አውጥታ ታስተያያለች፣ በጣቷ ታሻለች። ትርፉ ቁልፍ ስስ ብረት ብቻ ነው። የድሮው ራስ ግን ወፍራም ነው። ጆሮዋ አጠገብ አድርጋ ነቀነቀችው፤ ውስጡ አንድ ትንሽ ነገር ኮሽ አለ።

"ቀራጩ ጥርሱን ቀረጸው እንጂ ራሱን አልቀረጸውም" አለች። "የሞተሩ መታወቂያ እዚህ ራስ ውስጥ መሆን አለበት።"

ትርፉን ቁልፍ ማስነሻው ውስጥ ከተተች። የተሰበረውን ራስ በሌላ እጇ ይዛ ከእሱ ጋር አጣበቀችው። ቀይዋ መብራት ጠፋች። አዞረች። ሞተሩ ተነሳ፤ ጠበቅን፤ አልጠፋም።

የጓደኛዬ አባት "ኦ ጌታ!" ብሎ ኮፍያውን ወደ ላይ ወረወረ። መዘምራኑ ካቆሙበት ሳይሆን ከመጀመሪያው ጀመሩ። እናቴ ከመኪናዋ ጌጥ ላይ አንድ ሪባን ቆርጬ እንድሰጣት ነገረችኝ፤ ራሱንና ቁልፉን አንድ ላይ ጠምጥማ አሰረችና ማርሽ አስገባች።

ይርጋጨፌ ደርሰን አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ጥሩምባዋን ለቀቀችው። ከአውቶቡስ መስኮት ሰዎች እጃቸውን አወዛወዙልን። እኔ ከኋላ ሆኜ የማየው አንገቷንና ቀጥ ያለ ትከሻዋን ነበር። ጓደኛዬ የተኳኳለችው እንዳይበላሽ እየፈራች ታለቅሳለች፤ እኔም የማለቅሰው ለእሷ ሠርግ ብቻ አልነበረም።

ዲላ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሙሽራው ወደ መኪናዋ ሲመጣ መጀመሪያ የከፈተው የእናቴን በር ነው። ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊስም ሲል ትከሻውን ይዛ አነሳችውና፣ "ሂድ፣ ሙሽራህ ትጠብቅሃለች" አለችው።

ምሳ ላይ ሱፍ የለበሰው ሰውዬ ሚዜዋ መሆኔን ልብ ሳይል አጠገቤ ተቀመጠ። ጭቃው ሱሪው ላይ ደርቋል። ፊት ለፊቱ ላሉት እንግዶች የዱመርሶውን ነገር ይተርክላቸዋል፤ መብራቱን፣ የተሰበረውን ራስ፣ ሁሉንም፣ እጁን እያወራጨ። "እንዲህ ያለች ሴት አይቼ አላውቅም!" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣

"ለመሆኑ ሴትዮዋን ታውቂያታለሽ?" አለኝ።

"እናቴ ናት" አልኩት። እንጀራዬን እስክውጥ እንኳ አልጠበቅሁም።