አዳማን ስጡኝ

ረቡዕ ዕለት ወንድሜ የላከልን ጥያቄ እንዲህ ይል ነበር፦ «እንቆቅልሽ! ዙሪያዋን ውሃ፣ እሷ ግን ደረቅ። በእንግሊዝኛ ስትጻፍ አንድ ፊደል አለባት፤ ይጻፋል እንጂ አይጠራም።»

ወንድሜ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል አስተናጋጅ ነበር። በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። እንግሊዝኛውን ያሻሻለው ከእንግዶች ነው። አዲስ ቃል ሲሰማ ትዕዛዝ በሚቀበልበት ወረቀት ጀርባ ላይ ይጽፈዋል። የምሳ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ቃሉን እንቆቅልሽ አድርጎ በስልክ ይልክልናል። አዳማ ያለነው እኔና እናቴ ነን። ማታ እራት ላይ አነብላታለሁ። እሷ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ነገሩ ምን እንደሆነ በአማርኛ ታገኛለች፣ እኔ ቃሉን ፊደል በፊደል ጮክ ብዬ እየጠራሁ እጽፋለሁ። ከዚያ ይደውላል። አንዳችን ከተሳሳትን አገር እንሰጠዋለን፤ ልጆች ሆነን እንደምንጫወተው ማለት ነው።

ብዙ አገር ሰጥተነው ነበር። ሞጆን፣ መቂን፣ አቦምሳን። ሻሸመኔን የወሰደ ቀን፣ «ሻሸመኔ ገብቼ ምን አጥቼ! ድንቹ በማዳበሪያ፣ ጎመኑ በጋሪ፣ እናንተ እዚያ አቧራችሁን ብሉ!» እያለ በስልክ ሲፎክርብን እናቴ እስክታለቅስ ሳቀች።

ረቡዕ እሷ ቶሎ አገኘችው። ያደገችው ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው። «ደሴት ናት» አለች፣ የጎረሰችውን ሳትውጥ። እኔ ግን ያን የማይጠራውን ፊደል ረሳሁት።

«አንተ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደረስኩ ባይ» አለኝ ሲደውል፤ «ኤስን የት ጣልካት?»

«የማትጠራ ከሆነ ለምን ትጻፋለች?»

«እንግሊዞቹ ሲመጡ እጠይቅልሃለሁ። በሉ፣ አገር ስጡኝ!»

የቀረን አዳማ ብቻ ነበር።

«አዳማንማ አልሰጥም» አለች እናቴ። «ቤቴን ልትወስደው ነው እንዴ?»

«እማዬ፣ ሕግ ሕግ ነው።»

«ዘጠኝ ወር የተሸከምኩህ እኔ ነኝ፤ የምን ሕግ ታወራብኛለህ!»

ለነገ ይደር ተባባልን። ነገ ከተሳሳትን አዳማን ሊወስድ። ከዚያ ስለ ሸሚዙ አወሩ መሰለኝ። አንገትጌው ስለ መበላቱ። በደንብ አላዳመጥኩም። ሰሃን እያነሳሁ ነበር።

ሐሙስ መልእክት አልመጣም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ስወጣ አጎቴ ከሁለት የእድር ሰዎች ጋር በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ወንድሜ ጠዋት ከሆቴሉ ወደ ዋናው መንገድ በሞተር ሲወጣ መኪና ገጭቶታል። ሕይወቱ እዚያው አልፏል። አጎቴ ይህን የነገረኝ ክንዴን ይዞ ነው። ሌላ ምን እንዳለ... ብዙውን አላስታውስም። ይህን ግን አስታውሳለሁ፦

«እናትህ ዛሬ አትሰማም። መርዶ በማታ አይነገርም። እህል ትቅመስ፣ ትተኛ። ሊነጋ ሲል እኛ እንመጣለን። አንተ ፊትህን ታጠብና እንደ ወትሮህ ሁን። ትችላለህ?»

«እችላለሁ» አልኩት።

እናቴ ሽንኩርትና ቲማቲም ከምትሸጥበት ጉልት ስትመለስ እራቱን አሙቄ ነበር። ስልኳ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ የምንጠቀመው በእኔ ነው። እጇን ታጥባ ተቀመጠች።

«የዛሬው መጣ?»

«መጥቷል» አልኩ።

ቀድሜ አላሰብኩበትም ነበር። ስልኩን ከፍቼ የረቡዕን መልእክት እያየሁ ከራሴ ጥያቄ ማውጣት ነበረብኝ። ወጡን አየሁ።

«እንቆቅልሽ።»

«ምን አውቅልህ።»

«ወጥ ውስጥ ይገባል፣ ግን አይታይም።»

«ጨው!» አለች ወዲያው። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ዛሬ ምን ነካው? እንዲህ አያቀልልንም ነበር። አሞት ይሆን?»

«ሥራ በዝቶበት ይሆናል።»

«በል የአንተን ጻፍ። አዳማን ልናተርፋት ነው!»

ቃሉን አውቀዋለሁ። አራት ፊደል ነው፣ አራቱም ይጠራሉ። እስክሪብቶውን ይዤ የመጀመሪያዋን ጻፍኩ። ከዚያ አልቻልኩም። ጮክ ብዬ ብጠራቸው ድምፄ እንደሚያጋልጠኝ ገባኝ።

«አላውቀውም» አልኩ።

«ጨውን?»

«ረሳሁት።»

አየችኝ። የነቃችብኝ መስሎኝ ዓይኔን ወደ ሰሃኑ አዞርኩ። እሷ ግን ሳቀች።

«የኔ ተማሪ! እንግዲህ ምን ይደረግ። አዳማን ሰጥተንሃል በለው። ግን በስልክ አላስረክብም፤ ራሱ መጥቶ ይረከበኝ። አሁኑኑ ጻፍለት።»

ትከሻዬ ላይ ሆና እያየች ጻፍኩ። «አዳማን ሰጥተንሃል። ራስህ መጥተህ ተረከብ።» ላክሁት።

በልታ ጨረሰች። አጎቴ እህል ትቅመስ ብሎ ነበር፤ ደህና በላች። ስትጨርስ፣ «ሳይደውል ቀረ እኮ» አለች።

«ጠዋት ይደውላል» አልኳት።

ያን ቀን ብዙ ዋሽቻለሁ። የምትቆጨኝ ይህቺ ናት።

በማግስቱ ገና ወገግ ሲል ነቅታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ በእግሯ ጫማዋን ትፈልጋለች። ከአጥሩ ውጭ ኮቴ ይሰማኝ ነበር። የብዙ ሰው ኮቴ ነው፣ የሚናገር ግን የለም።

«መለሰልህ?» አለችኝ።

ጫማዋን ከአልጋው ሥር አውጥቼ እግሯ አጠገብ አደረግሁላት። ነጠላዋን ከሚስማሩ አውርጄ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግሁላት። ከዚያ ወጣሁና፣ ሁልጊዜ የምንገባባትን ትንሿን ሳይሆን፣ ትልቁን የግቢ በር በሁለቱም በኩል ከፈትኩት።