ዝም ያለው ቅርንጫፍ

የቦቦ ዲዩላሶ ከተማ ሰዎች ላሲና ሚሎጎን ጆሮውን ግንድ ላይ ለጥፎ ሲያዩት መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ ኋላ ግን ሳቁን ትተው በወዲያኛው የመንገድ ጠርዝ መሄድ ጀመሩ። አይፈረድባቸውም። ስልሳ ዓመት ሊደፍን የተቃረበ ሰው በጠራራ ፀሐይ ዛፍ አቅፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በከንፈሩ ብቻ አንድ ሁለት ሦስት እያለ ሲቆጥር ያየ፣ ማን ደፍሮ "እንዴት ዋልክ" ይለዋል?

ሥራው የከተማውን ዛፎች ውሃ ማጠጣት ነው። በርሜል በተጫነ የአህያ ጋሪ ሃያ ስድስት ዓመት ከዛፍ ዛፍ ዞሯል። ጆሮውን ግን የወረሰው ከአባቱ ነው። አባቱ ባላፎን የሚባል የሙዚቃ መሣሪያ ይሠሩ ነበር፤ በዱላ የሚመታው የእንጨት ርብራብ ድምፁ እንዲያምር ጭስ ላይ ብዙ ሳምንት ይደርቃል። "እንጨት ሲደርቅ ያወራል" ይሉት ነበር። "ጥቅ፣ ጥቅ ይላል። ዝም ሲል አበቃለት ማለት ነው።"

ከዓመታት በኋላ፣ በቁሙ ያለ፣ ቅጠሉ የለመለመ ዛፍ እንደዚያው ጥቅ ሲል የሰማ ቀን ላሲና ክው ብሎ ቀረ። ቀስ በቀስ ግን ነገሩ ገባው። ማታ ማታ ለሚስቱ ለሳራታ እንዲህ እያለ ያስረዳት ነበር፦ "ውሃውን ሥሩ ወደ ላይ የሚገፋው ይመስልሻል አይደል? አይደለም። ቅጠሉ ነው የሚጎትተው። ቅጠል በዓይን የማይታይ አፍ አለው፤ በዚያ ሲተነፍስ ከሥር እስከ ጫፍ የተወጠረ የውሃ ክር ይስባል። ፀሐይ ሲበረታ ክሩ እንዳይበጠስ አፉን ይዘጋል። ድርቁ ሲጠና ግን መዝጋቱም አያድነው፤ ክሩ ይበጠሳል። ጥቅ የሚለው እሱ ነው።"

ማስረጃም ነበረው። ጠዋት የላስቲክ ከረጢት በቅጠሎቹ ላይ አጥልቆ ያስራል፤ እኩለ ቀን ላይ ተመልሶ ያያል። ከረጢቱ ውስጡን ላብ ከያዘው ቅርንጫፉ እየጠጣ ነው። ገበያው ግን "ላሲና የሙታን ትንፋሽ ያጠራቅማል" ብሎ አወራ። ሳራታ "ብታጠራቅምስ ግድ አልነበረኝም፤ በአንተ የተነሣ ሽንኩርት የሚሸጥልኝ ሰው ነው ያጣሁት" ትለው ነበር።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ገና በጊዜ ተቆረጠ። ሚያዝያ ሲመጣ አስፋልቱ ከጫማ ሥር ይለጠፍ ነበር። ከላሲና ደጅ ያለው ትልቁ የማሆጋኒ ዛፍ ደግሞ ዙሪያውን በአዲስ አስፋልት ታፍኗል፤ ላሲና የሚያፈሰው ውሃ ወደ ቦዩ እየሸሸ ሥሩ ጋ አይደርስም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው። የዛፉን ወገብ ቅርፊት ደግሞ ለሆድ ቁርጠት መድኃኒት የሚሹ ሰዎች ልጠው ጨርሰውታል።

ከዛፉ ሥር ዬሮ ሲዲቤ የሚባል፣ ከከብት አርቢዎቹ ከፉላኒ ጎሳ የሆነ ሰው አግዳሚ ዘርግቶ እርጎ በማሽላ ይሸጣል። የላሲና ጎሳ ቦቦና ፉላኒ ከቅድመ አያት ጀምሮ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሲገናኙ መሰዳደብ ግዴታ ነው፣ መቆጣት ነውር። ሁለቱ ሠላሳ ዓመት ያለ ስድብ ተነጋግረው አያውቁም።

"አሽከሬ፣ ዛሬም ከግንድ ጋር ተቃቀፍክ? ሳራታ ሰምታለች?"

"አንተ የላም ጅራት! ግንዱ ቢያንስ ወተት በውሃ አይበርዝም።"

ከዚያ ዛፉ ቅጠሉን ማራገፍ ጀመረ። ጎረቤቱ ሁሉ ሞተ ብሎ ሲያዝን ላሲና ደስ አለው፤ ቅጠሉን የሚጥል ዛፍ ወጪውን ቀንሶ ክረምትን ለመጠበቅ የቆረጠ ዛፍ ነው። ያስፈራው ሌላ ነው። ከዬሮ አግዳሚ በላይ የተዘረጋው፣ የሰው ወገብ የሚያህለው ቅርንጫፍ ቅጠሎቹ በላዩ ላይ ቡናማ ሆነው ደረቁ፤ አንዲትም አልወረደችም። ቅጠል ለመጣልም ሕይወት ያስፈልጋል። ንፋስ በሌለበት ቀትር እነዚያ ቅጠሎች ራስ ቁልቁል እንደተኙ የሌሊት ወፎች ተንጠልጥለው ይውሉ ነበር። ያሰረው ከረጢት ሦስት ቀን ሙሉ ደረቅ ሆኖ ተገኘ።

"ዬሮ፣ አግዳሚህን ከዚህ አንሣ። ይሄ ቅርንጫፍ ይወድቃል።"

"ገባኝ! የማሽላ ጠላህን ስካር የምታራግፍበት ጥላ አጣህና ቦታዬን ተመኘህ።"

"በአባቴ አጥንት፣ ቀልድ አይደለም።"

"አያችሁት? ሲምልማ ይበልጥ ያምርበታል!" አለ ዬሮ፣ ደንበኞቹም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

በነጋታው ላሲና አግዳሚውን ሰርቆ ጓሮው ደበቀ። ዬሮ በሕይወቱ የሰማው ምርጥ ቀልድ ይህ ሆነ፤ ለሰፈሩ ሁሉ እያወራ መጥቶ አግዳሚውን ወሰደ፣ የላሲናንም አንድ እግር ጫማ በመያዣነት ይዞ ሄደ። ላሲና የሥራ አለቃው ዘንድ ቢያመለክት "ማመልከቻ አስገባ፣ መጋዝ ያለው ቡድን ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመጣል" አሉት።

ላሲና ከሦስት ዓመት በፊት በባቡር ጣቢያው መንገድ አንድ ቅርንጫፍ ዝም ማለቱን ሰምቶ፣ ሰው እንዳይስቅበት ሲል ሳይናገር አልፎ ነበር። በማግስቱ ቅርንጫፉ ሲወድቅ ከሥሩ በዘይት ቂጣ የምትጠብስ ሴት ነበረች። የመጥበሻዋ ዘይት የፈሰሰበት እድፍ አሁንም አስፋልቱ ላይ አለ፤ ላሲና ጋሪውን በዚያ አይነዳም።

ዓርብ ቀትር ላይ መሰላሉን አስደግፎ ወጣና ጆሮውን ቅርንጫፉ ላይ አደረገ። እስከ ትናንት ጥቅታው እየበዛ ነበር። አሁን ምንም የለም። ትንፋሹን ውጦ እስከ መቶ ቆጠረ። ምንም። ዝምታው ከእንጨቱ ወጥቶ ወደ ጆሮው የሚገባ መሰለው። ከታች ዬሮ ብቻውን ቅሉን ያጥባል።

ላሲና ወረደ። ስድብ ፈለገ፤ አፉ ውስጥ አልነበረም። ባርኔጣውን አውልቆ ትኩሱ አስፋልት ላይ ተንበረከከ።

"ወንድሜ ዬሮ" አለ። "እባክህ ወደ እኔ ና።"

የዬሮ ፊት አመድ መሰለ። ቅሉ ከእጁ ወደቀ።

"ምን አልከኝ? ማን ሞተ? ሳራታ ናት?"

"ና ብቻ፣ ወንድሜ። ለምኜሃለሁ።"

ዬሮ የፈሰሰውን እጣቢ ረግጦ መጣ። ላሲናን ከመሬት ሊያነሣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጎንበስ እንዳለ ከኋላው አየሩ ተገፋ። ቅጠል እንኳ ሳይንኮሻኮሽ ቅርንጫፉ ወርዶ አግዳሚው ላይ ተኛ። አቧራው እስኪሰክን ሁለቱ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ቆዩ። የተሰበረው ቦታ ውስጡ ደረቅ፣ ጠብታ ርጥበት የሌለው ነበር።

"ላሲና" አለ ዬሮ፣ "ሁለተኛ ወንድሜ እንዳትለኝ። ስትጠራኝ የሞትኩት እኔ መሰለኝ።"

"እሺ፣ አንተ የላም ጅራት።"

ዬሮ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከዚያ ወዲህ የዬሮ አዲሱ አግዳሚ በግንዱ በወዲያኛው በኩል ነው። ቀትር ላይ ማሰሮውን ከድኖ ይነሣል፤ ከላሲና ትይዩ ጆሮውን ግንዱ ላይ ያደርጋል። የሚያልፍ ሰው አሁን ከሁለቱም ይሸሻል።

"ሰማህ?" ይላል ላሲና።

"ዝም በል፣ አሽከሬ" ይላል ዬሮ ዓይኑን ሳይገልጥ። "እየቆጠርኩ ነው።"