በጨለማው ዋሻ የማልሁለት እጅ

1963 ዓ.ም. ነበር፤ ዕድሜዬ አሥራ አራት። ነገሩን አልጽፈውም ብዬ ዘመኔን ሁሉ ይዤው ኖሬአለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ከኮን ከተማ የመጡ ተማሪዎች እዚህ ላሊበላ ከደጄ በታች ድንኳን ተከሉ። ከተማዋን ሊያጠኑ ነው አሉኝ። አንዷ ልጅ፣ «አባባ፣ ጨለማው ዋሻ ውስጥ ገብተው ያውቃሉ?» ብትለኝ ወሬ ቀየርሁባት። ልጅ ጠይቆኝ መሸሼ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ስለዚህ ልጻፈው፤ ፊደሉ ቢወላገድም።

እኛም ያኔ የመጣነው ከዚያው ከኮን ነው። መኪና የለ፤ ሁለት ቀን በእግር። አስተማሪያችን ጋሼ በላቸው የተዋሱትን ድንኳን በበቅሎ አስጫኑ፤ እኛ አሥራ ስምንት የአራተኛ ክፍል ልጆች በሶና ዳቦ ቆሎ በከረጢት ይዘን ተከተልን። ወሩ ኅዳር ነው። ገብሱ ታጭዶ ማሳው ቢጫ ሆኗል፤ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ከእግር ሥር ይንኮሻኮሻል። ዛሬ በአውቶቡስ ተኝቶ የሚያልፈው ሰው ምን እንደሚያይ አላውቅም። እኔ ግን ያን ዳገት ጉልበቴ እስካሁን ያስታውሰዋል።

ጋሼ በላቸው ከተማዋን በእግራችን እንድናውቃት ነበር የፈለጉት። ጥንድ ጥንድ አድርገው ከፋፈሉን። ዮርዳኖስ የሚሉትን የከተማዋን ወንዝ ውኃ የሌለው ሆኖ አገኘነው። ባለ ፎቅ ክብ የድንጋይ ቤቶችን ቆጠርን፤ ገበያ ወርደን የላስታን ነጭ ማር ቀመስን። የእኔ ጥንድ ሰይድ ነበር፤ የነጋዴ ልጅ፣ ምላሱ የማያርፍ ቀልደኛ። እኔ ደግሞ ግትር። ስንጣላ ውለን በሶ ስንበጠብጥ እንታረቃለን።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤተ ገብርኤልን ተሳልመን ወደ ቤተ መርቆሬዎስ በሚወስደው ዋሻ ልንሻገር ሆነ። ቀሳውስቱ የሲኦል ምሳሌ ነው ይሉታል። አንድ ሽማግሌ ቄስ መሩን።

«መብራት የለም» አሉ። «ቀኝ እጃችሁን ግድግዳው ላይ፣ ግራ እጃችሁን ለጓደኛችሁ። ብርሃን ሳታዩ መላቀቅ የለም።»

እኔና ሰይድ መጨረሻ ነበርን። የዋሻው አፍ ላይ ስንደርስ ሰይድ እጁን ሳብ አደረገና፣ «ግባ፣ መጣሁ» አለኝ። ገባሁ።

ጨለማ አልፈራም የምል ልጅ ነበርሁ። ይኼኛው ግን ዓይን ቢገልጡትም ቢጨፍኑትም ያው ነው። ሰምና የሌሊት ወፍ ይሸታል። ከፊት የልጆቹ ሳቅ እየራቀ ሄደ። ያኔ አንድ እጅ ከኋላዬ ግራ እጄን ያዘኝ። ቀዝቃዛ ነው፤ ደረቅ።

«መጣህ?» አልሁ።

እጄን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ጥቂት እንደሄድን ከጆሮዬ ሥር በሹክሹክታ፣ «አትልቀቀኝ» አለኝ።

«ፈራህ እንዴ? አልለቅህም።»

«በገብርኤል ማልልኝ።»

«ገብርኤል ምስክሬ ነው፤ ብርሃን ላይ ሳላደርስህ አልለቅህም» ብዬ ማልሁ። እኛ አገር እንዲህ ያለ መሐላ ጨዋታ አይደለም። በታቦት ደጅ ምሎ የከዳ ሰው ከብቱ ቢያልቅ፣ ልጁ ቢታመም፣ ጎረቤቱ ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል።

መታጠፊያውን አልፈን ብርሃን እንደ ክር ብቅ ሲል እጁ ከበደኝ። ጎተትሁት። ብርሃኑ በሰፋ ቁጥር ባሰበት፤ በሬ የምጎትት መሰለኝ። ከውጭ ጋሼ በላቸው ስሜን ተጣሩ። «ተከተለኝ!» አልሁና ለቅቄው ሮጥሁ።

ወጥቼ ቀና ብል ሰይድ ከላይ ከቋጥኙ ጫፍ እግሩን አንጠልጥሎ ዳቦ ቆሎ ይቆረጥማል።

«አንተ! በየት ወጣህ?»

«መች ገባሁና! አባቴ ከደጅ ማየት ይበቃሃል ብሎኛል። በላይ ዞሬ መጣሁ።»

«ታዲያ በገብርኤል ማልልኝ ያልኸኝስ?»

ሳቀብኝ። «አንተዬ፣ እኔ ብሆን ወላሂ በል ነበር የምልህ!» ከዚያ ፊቴን አየና መቆርጠሙን ተወ።

የሆነውን ስነግራቸው ጋሼ በላቸው ቆጠሩን፤ አሥራ ስምንታችንም አለን። ቄሱ ጧፍ አብርተው ተመልሰው ገቡ፤ ማንም የለም። «ድንጋጤ ነው፣ ጨለማ ያሳስታል» አሉ ጋሼ በላቸው። ቄሱ ግን ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«ልጄ፣ ምን ብለህ ነበር የማልኸው?»

ነገርኋቸው። ወደ ዋሻው አፍ ዞረው አማተቡ።

«ማን ነበር፣ አባቴ?»

«ማንነቱን እኔም አላውቅም። እዚህ ብዙ ሰው መጥቶ ቀርቷል። መሐላው ግን ያንተ ነው።»

ሲያረጁ ሁሉ ነገር ይገለጻል የሚሉ አሉ። ውሸት ነው። የማን እጅ እንደነበር ዛሬም አላውቅም። ሽማግሌ ተብዬ ለዕርቅ ስቀመጥ ግን፣ ሰው ቸኩሎ ሊምል ሲነሳ ቁጭ በል እለዋለሁ። ለምን እንደሆነ የጠየቀኝ የለም፤ ቢጠይቀኝም ያን ሌሊት ድንኳኑ ውስጥ ግራ እጄን ብብቴ ሥር ቀብሬ እንዴት እንዳደርሁ አልነግረውም።

በማግስቱ ጠዋት ያደረግሁትን ግን ልናገር። የኪዳን ጸሎት እንዳለቀ ሰይድን ይዤው ወደ ዋሻው ሄድሁ። «አንተ መውጫው ላይ ቁምልኝ» አልሁት።

«ብቻህን ልትገባ?»

«ብቻዬን ነው የማልሁት።»

ገባሁ። ቀኝ እጄን ግድግዳው ላይ አድርጌ ግራ እጄን ወደ ኋላ ዘረጋሁና፣ «መጥቻለሁ» አልሁ። መልስ የለም። ቀስ እያልሁ ሄድሁ። መታጠፊያው ላይ ክንዴ ከበደኝ። አልጎተትሁም፤ ቆሜ ጠበቅሁ። ሲቀልለኝ ተራመድሁ፣ ሲከብደኝ ቆምሁ። እንዲህ እንዲህ እያልሁ ፀሐይዋ ፊቴን እስክትመታኝ ደረስሁ። «ደርሰናል» ብዬ እጄን ፈታሁ።

የመውጫው መንገድ ጠባብ ነው። ሰይድ ሊያሳልፈኝ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር። አልፌው፣ እንሂድ ልለው ዞር ስል፣ ከኋላዬ ማንም አይታይም፤ እሱ ግን አሁንም እንደተለጠፈ ነው። አንገቱን ደፍቶ፣ ለሌላ ሰው መንገድ እንደሚለቅ፣ ጥቂት ቆየ።