በካዛንቺሱ ግድግዳ ላይ የተገለበጠችው ምድር

በመጀመሪያ የሥራ ቀኔ፣ ካዛንቺስ፣ አንድ የግል ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። አንደኛው ጋሽ ደምሴ፣ ግድግዳ ላይ የትምህርት ሥዕል የሚሠሩ፣ አለቃዬ። ሁለተኛው ከማል፣ ፊደል ጸሐፊው። ሦስተኛዋ ወይዘሮ አልማዝ፣ ርእሰ መምህርቷ። አራተኛው እኔ፣ ረዳት፣ ያውም ለሙከራ።

ጋሽ ደምሴ ውሉን በአጭሩ ነገሩኝ። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አይቼህ ከወደድኩህ ቋሚ ነህ። ካልወደድኩህ ቂርቆስ ሩቅ አይደለም፣ በእግርህ ትገባለህ።» ሥራ ፈትቼ ቤት ከተቀመጥኩ ስድስት ወር ሆኖኝ ነበር።

የዕለቱ ሥራ የወቅቶች መፈራረቅ ነበር። መሐል ላይ ፀሐይ፣ ግራና ቀኝ ምድር። ጋሽ ደምሴ ምድርን መሐሏን ከሚወጋው ዛቢያ ጋር በካርቶን ቆርጠው ይዘዋል። በቀኝ በኩል ለጥፈው ቀቡ፤ የዛቢያው አናት ወደ ፀሐይ ዘንበል ብሏል። ቀጥለው ካርቶኑን ገልብጠው በግራ ለጠፉ። እዚያም ወደ ፀሐይ ዘንበል አለ።

«ሚዛን ማለት ይሄ ነው» አሉ።

እኔ ብሩሹን በቀለም ማቅጠኛው፣ በአኳራጅ፣ አጥብ ነበር። ጂኦግራፊ የተማርኩት ለገሃር መንገድ ዳር ከገዛሁት አሮጌ መጽሐፍ ነው። ምድር ፀሐይን ስትዞር ዛቢያዋ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዳዘመመ ይቆያል። ስለዚህ ግማሽ ዓመት ሰሜኑ ወደ ፀሐይ ያዘነብላል፣ ግማሽ ዓመት ደቡቡ። የሰሜኑ ተራ ደርሶ ሲሞቅ የዝናቡ ደመና ወደኛ ይሳባል፤ ክረምት ይገባል። የጋሽ ደምሴ ምድር ግን በግራም በቀኝም ለፀሐይ ትሰግዳለች። እሷ ላይ መስከረም አይጠባም።

ድፍረቱ የመጣልኝ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ነው። ተናገርኩ።

«አሥራ አንድ ትምህርት ቤት እንዲሁ ስያለሁ» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ክረምት የቀረበት አንድም የለም።»

ከማል ሳቀ። ወይዘሮ አልማዝ ሰምተው ቀረቡ። «ማለቴ፣ ክረምት የሚሆነው ምድር ከፀሐይ ስትርቅ አይደለም እንዴ?» ርእሰ መምህርት ከመሆናቸው በፊት ጂኦግራፊ ያስተምሩ እንደነበር ከማል በኋላ ነገረኝ።

«ርቀት ቢሆን ሰሜኑም ደቡቡም ባንድ ወር ይበርደው ነበር» አልኳቸው። «አንዱ ሲበርደው ሌላው ይሞቀዋል።»

ከምሳዬ ብርቱካን አውጥቼ እርሳስ ሰካሁበት። የባንዲራውን ምሰሶ ፀሐይ አደረግሁት። የእርሳሱን አናት ወደ እንጦጦ እንዳዘነበልኩ ምሰሶውን ዞርኩ። በአንዱ በኩል እርሳሱ ወደ ምሰሶው ያዘነብላል፣ በሌላው በኩል ከምሰሶው ይሸሻል።

«ቀለም ቀቢ ብዬ ያመጣሁት ሰው ባንዲራ ይዞርልኛል» አሉ ጋሽ ደምሴ ለከማል።

ወይዘሮ አልማዝ ብርቱካኑን ተቀብለው ራሳቸው ዞሩ። ገባቸው። ከዚያ ራቅ ብለው ግድግዳውን አዩት።

«ልጁ ልክ ነው» አሉ። «ግን ነገ የወላጆች ቀን ነው። ይሄኛው ያምራል፤ በቃ ይቆይ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጋሽ ደምሴ ቋሚ አደረጉኝ። «እጅህ ንጹሕ ነው» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ግን ምድር አትነካም። አጥር ትቀባለህ።»

ሁለት ዓመት አጥር ቀባሁ። እሳቸው ካርቶናቸውን እንደገለበጡ ቀጠሉ።

የተማርኩት ይሄን ነው፤ ስህተት የሚነገረው ሥራው ገና በጠመኔ ተነድፎ ሳለ ነው። ዘይት ቀለም ከደረቀ በኋላ የሚታረመው ሠራተኛው ነው።

ከማልም ሆነ ወይዘሮ አልማዝ ይሄን ካነበቡ የዘለልኩትን ይጨምሩበት። ጋሽ ደምሴም የሚሉት ካላቸው ይበሉ።