ከመስታወቱ ማዶ ያለ ሰላጣ

ሎሚት ይሏታል፤ ያገኘችው ምግብ ላይ ሁሉ ሎሚ ካልጨመቀች አይሆንላትም። ከወደቡ ጀርባ ባለው ምግብ ቤት የሰላጣው ጠረጴዛ የእሷ ከሆነ አሥራ ሰባት ዓመት አልፎታል።

ቀዩን ቃሪያ ቆዳው ከሰል እስኪመስል እሳት ላይ ታገላብጠዋለች፤ ከዚያ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ከድና በገዛ እንፋሎቱ እንዲያልበው ትተወዋለች። ጥቁሩን ቆዳ በጣቷ ስትገፈው ከሥሩ የሚወጣው ቅላት! እንዲህ ከተቃጠለ ነገር ውስጥ እንዲህ ያለ ቀለም ከየት ይመጣል? ውኃ አታስነካውም፤ ጣዕሙ አብሮ ይታጠባላ። ደበርጃኑንና ዝኩኒውን ከኦቨን እንደወጡ በሎሚና በወይራ ዘይት ታሻቸዋለች፤ ትኩስ አትክልት ጣዕሙን ይመጥጣል። ሰላጣው ላይ የሚጨመረውን የባሕር ምግብ፣ ሽሪምፑን፣ ግን ሳይቀዘቅዝ ሎሚ አታስጠጋውም፤ በትኩሱ ከነካው ይኮማተርና ጎማ ይሆናል።

ከአራት ወር በፊት እጇን ያሳክካት ጀመር። ሳሙናው ነው አለች። ዐይኗ አበጠ፤ ሽንኩርቱ ነው አለች። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከሽሪምፑ ድስት የወጣው እንፋሎት ፊቷን ሲመታት ጉሮሮዋ ጥርቅም አለ። ስንት ዘመን ስትልጠው የኖረችው፣ ልጆቿን ያሳደገችበት ነገር፣ አንገቷን ያዛት።

«አለርጂ ነው፤ የባሕር ምግብ እንዳይነኩ፤ የሚቀቀልበት ክፍልም እንዳይገቡ» አላት ሐኪሙ። «ሁለተኛ እንዲህ ከሆነ እዚህ ሆስፒታል በሕይወት ላይደርሱ ይችላሉ።»

«ጓንት ባደርግስ?»

«እናቴ፣ በጓንት አይተነፈስም።»

የወጥ ቤቱ ኃላፊ ሲያዝ ስለሚጮኽ ሻምበል ይባላል። ያን ቀን ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፎቅ ላይ የጠረጴዛ ጨርቅ ታጥፊያለሽ። ምን ላድርግ ሎሚትዬ?»

«ሰላጣውስ?»

«የባልሽ እህት ዓሣ ገበያ አይደል የምትሠራው? እሷ ትምጣ። አንቺ አስተምሪያት።»

ሦስት ቀን ቤቷ ውስጥ አስተማረቻት። ሽሪምፕ ማምጣት ስለማይቻል በፋንታው የድንች ቁራጭ ታስቀምጥላታለች።

«እትዬ፣ ይሄ ሽሪምፕሽ ከርሞ አፈር አፈር ይሸታል እኮ» አለቻት የባሏ እህት።

«ሳቂ። ነገ ስታኮማትሪው አብረን እናለቅሳለን። በይ ድገሚልኝ፤ የቱ ነው በትኩሱ?»

«አትክልቱ። ኧረ ገባኝ፣ ልጅ አደረግሽኝ!»

በአራተኛው ቀን ሎሚት ኮሪደሩ ላይ፣ በወጥ ቤቱ የመስታወት በር ፊት ቆመች። ቃሪያው በደንብ ተላጠ። ደበርጃኑም ከኦቨን ወጣ፤ ግን ሳይታሽ ተቀመጠ። የባሏ እህት ሽሪምፑን ከነእንፋሎቱ አወጣችና ግማሽ ሎሚ አነሣች።

ሎሚት መስታወቱን ደበደበች። «ይቀዝቅዝ! ኧረ ይቀዝቅዝ!»

ከውስጥ የአየር ማውጫው ያገሣል። የሚሰማት የለም። የበሩን እጀታ ያዘች። በሩ የተቆለፈ አልነበረም፤ ቢገፉት ይከፈታል። ግን ገና ሳትገፋው ጉሮሮዋ አስታወሰ። እጇን መለሰች። የባሏ እህት ቀና ስትል አየቻት፤ በርቺ እያለቻት መስሏት በያዘችው ሎሚ ሰላምታ ሰጠቻትና ጨመቀችው።

ሳህኑ ወጣ። የቀረበላቸው በየሳምንቱ ይህንኑ ሰላጣ የሚበሉ ጡረተኛ መርከበኛ ናቸው። ሎሚት ከመመገቢያ አዳራሹ መጋረጃ ጀርባ ሆና አየቻቸው። አንድ ጉርሻ ቀምሰው ሳህኑን ቢገፉት ብላ ተመኘች፤ ወዲያው በራሷ አፈረች፤ ቢሆንም ምኞቷ አልለቀቃትም። ሰውዬው አላመጡ፣ ደገሙ፣ በመጨረሻም የሳህኑን ቅሪት በዳቦ ጠራርገው ጨረሱ።

«እንደ ሁልጊዜው ነው» አሉት አስተናጋጁን፤ «እጇን ይባርከው በልልኝ።»

ወደ መስታወቱ በር ተመለሰች። የባሏ እህት ከማዶ በቅንድቧ «እንዴት ነው?» አለቻት። ሎሚት አውራ ጣቷን አነሣችላት።